በሙሉቀን ክንድ

ሥራዬን ሳልነግራችሁ ወደ ነገሩ ብገባ አይገባችሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ታገሱኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለ፤ በር፣ መስኮት፣ የወፍጮ ዕቃ፣ የመጣው ሁሉ ይሠራበታል። እኔ ብየዳውንም መዶሻውንም አልነካም። ጥግ ላይ ካለችው የመስታወት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ የሚሠራውን ነገር አስቀድሜ በኮምፒውተር እስላለሁ። ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ በያጆቹ ግን «ኢንጂነሯ» ይሉኛል፣ ግማሾቹ አክብረውኝ፣ ግማሾቹ ሲያሾፉብኝ።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መስመሩን እንደመጣልኝ እሞነጫጭራለሁ፤ ቢጣመምም ግድ የለኝም። ማሰሩ ከዚያ ይጀምራል። ይቺ መስመር አግድም ትሁን፣ ይቺ ከዚያች ጋር ትይዩ ትሁን፣ ይህ ቀዳዳ ከዚያ ጫፍ ይህን ያህል ይራቅ፣ እነዚህ ሁለቱ ግራና ቀኝ እኩል ይሁኑ እያልኩ አንድ በአንድ አስራለሁ። ያልታሰረ መስመር ሰማያዊ ነው፤ ሲጎትቱት የትም ይሄዳል። በደንብ ሲታሰር ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ቢጎትቱት ንቅንቅ አይልም። ከልክ በላይ ካሰሩት ደግሞ ይቀላል፤ «ለአንድ ነገር ሁለት ትእዛዝ ሰጥተሽኛል፣ አንዱን አንሺ» ማለቱ ነው። እኔ ጥቁር እወዳለሁ። ሰማያዊ መስመር ትቼ ምሳ የማልበላ ሴት ነበርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሉቀን ከቁይ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ወፍጮ ያስፈጫል። ወፍጮው የራሱ አይደለም፤ የአንድ የቁይ ነጋዴ ነው፣ ጋሼ ተቀጥሮ ነው የሚሠራበት። አባታችን ልጅ ሳለሁ ስላረፈ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። በዚያ አካባቢ በር ወይም የወፍጮ ዕቃ የሚያሠራ ሰው ሁሉ በጋሼ አስለክቶ ነው የሚያዘው። ታዲያ ጋሼ በሜትር የሚለካ እንዳይመስላችሁ! «ባንቺ፣ ያዢ፤ ቁመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ክንድ ከስንዝር» ነው የሚለኝ። ሜትር ገዝቼ ልኬለት ነበር። ዱቄትና እርጥበት ተጋግሮበት ዝጎ ቀረ።

«ምን አባቴ ላድርግ፣ ክንዴ እንደሆነ አይዝግ» አለኝ።

እኔም አንድ ፋሲካ ቁጭ አደረግሁትና ከቀኝ ክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ለካሁት። «እጅጌ ልታሰፊልኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁና ስም አወጣሁለት፦ «ሙሉቀን»። ከዚያ ወዲህ ከዚያ አገር ለሚመጣ ሥራ ሁሉ «ሁለት ሙሉቀን»፣ «ሦስት ሙሉቀን ተኩል» ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ራሱ አስልቶ መስመሩን ይዘረጋዋል። «ሙሉቀን» ቢቀየር በሱ የታሰረው ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ይህ ነገር ደስ ይለኝ ነበር፤ የጋሼ እጅ ከኔ ጋር ቢሮ የዋለ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ በደረሰበት ቀን ጠዋት ያካፋ ነበር። የምስለው ለዚያው ለጋሼ ወፍጮ ነው። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ራቁቱን ስለሚዞር የላሜራ መከለያ ልንሠራለት ነው፤ አብሮም ፈጪው የሚቆምበት የፊት አካሉ በአዲስ ይሠራል። ላሜራው ገና ከአዲስ አበባ አልመጣም፤ ሥዕሉም አላለቀም። የሥራ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ደመላሽ አንገታቸውን በበሩ አስገቡና፣

«ያ የቁዩ ነገር ደረሰ?» አሉኝ።

«ቀላብኝ ጋሽ ደመላሽ። እርስዎ ሄደው በሜትር የለኩትንም፣ ጋሼ በክንድ ያለኝንም አንድ ላይ አስገብቼ ተጣሉብኝ።»

«እና አንዱን ጣይዋ!»

«መጣል እንኳ የለብኝም። ኮምፒውተሩ አንዱን በቅንፍ ላስቀምጠው ወይ እያለኝ ነው። በቅንፍ ከሆነ ቁጥሩ ይታያል እንጂ ምንም አያዝም።»

«በይ የኔን በቅንፍ አድርጊው። እኔስ እዚህ ቤት ምን አዝዤ አውቃለሁ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ስሰድ ስልኬ ጮኸ። የጋሼ ሚስት የሺ ናት።

«ባንቺ፣ ቺንጋው በላው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጋቢውን ያዘና... እጁን! ኧረ እጁን ባንቺዬ! ቀኝ እጁን!»

ከዚያ ወዲያ ጩኸት ብቻ ሆነ። አንድ ጎረቤት ስልኩን ተቀበላትና አምቡላንስ እንደተሳፈረ፣ እኔ ሆስፒታል ሄጄ እንድጠብቀው ነገረኝ።

ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ይጮኻል፣ መሬት ይደበድባል። እኔ የጀመርኩትን ሥዕል ሴቭ አደረግሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ። ኮምፒውተሩን አጠፍኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የብረት ሜትሬን እንደ ሁልጊዜው በጎን ኪሱ አስገባሁ፣ ወጣሁ። የባጃጁ ሹፌር ስለ ዝናቡ ሲያወራኝ መልስ ሰጠሁት፤ «አዎ፣ ዘንድሮ ጠንክሯል» አልኩት። ከውስጤ ምንም የለም። ልቤን ብፈልገው የት እንደሄደ አላውቅም።

ጋሼ ሲደርስ ነፍሱን ያውቅ ነበር። ፊቱ በዱቄትና በላብ ተለብጧል። ቀኝ እጁን በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ እኔ ጨርቁን ነው ያየሁት፣ ከጨርቁ ወዲያ አላየሁም። መርፌ ወጉት፣ ደም ሰጡት። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሐኪም ጠራኝና በዝግታ ነገረኝ።

«እህቱ ነሽ? አጥንቱም ሥሩም አልቋል። እጁ ከክርኑ በላይ መቆረጥ አለበት፣ ያውም ዛሬውኑ። ከቆየን መርዙ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ያኔ የምናጣው እጁን ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እሱን ነዋ። እምቢ አለን።»

በእርግጥም እምቢ ብሏል። የሺ ደረሰች፣ እግሩ ላይ ወደቀች፤ እምቢ። አጎታችን ጋሽ አበባው ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ አስረው ለመኑት፤ እምቢ። የንስሐ አባቱ ከቁይ በስልክ ገሠጹት። ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ።

«አባ፣ እርስዎ በአንድ እጅ ይባርካሉ። እኔ በአንድ እጅ ምን እፈጫለሁ?» አላቸው። ከዚያ ወደኛ ዞረና፣ «ከነክንዴ ቅበሩኝ። ነገ ባለወፍጮው ሁለት እጅ ያለው ሰው ያቆማል። የሰው ፊት እያየሁ ልጆቼን አላሳድግም። በቃ፣ አትጨቅጭቁኝ» አለ።

ጋሼ በቃ ካለ በቃ ነው። ሁሉም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ለቅሶ ተቀመጠ፤ ሰውየው ገና ሳይሞት! እኔ አልጋው አጠገብ ቀረሁ። ልለምነው አፌን ብከፍት ቃል አልወጣ አለኝ፤ እንባም የለም። በበሩ በኩል አንዲት ዘመዳችን «ይቺስ ድንጋይ ናት» ስትል ሰማኋት። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ስለራሴ ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

እጄን ምን ላድርገው? ባዶ እጄን ተቀምጬ አላውቅም። ኮምፒውተሩን አወጣሁና ጉልበቴ ላይ ከፈትኩት። ወንድሜ ሞትን መርጦ ተኝቶ፣ እኔን የቀላው መስመር ትዝ አለኝ። የጋሽ ደመላሽን ልክ በቅንፍ አደረግሁት። መስመሩ ጠቆረ።

«ምንድን ነው የምትነካኪው?» አለኝ ጋሼ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«የወፍጮህን መከለያ።»

«ለማን ነው? ለሚተካኝ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ ምን በወጣህ» ይለው ነበር። እኔ ሆዴ ስለደነዘዘ እውነቱን መለስኩለት።

«ለሚቆምበት ሰው ነው። ማን እንደሚቆም አላውቅም።»

«ልኩ በማን ክንድ ነው?» አለ።

«ባንተ። በቀኙ።»

ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ጨርቁን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

«እንግዲያ እሱም ቀረ» አለ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን አስቤበት እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ስለሆነ ብቻ ነው። ልክ ሲበላሽ ሌላ ልክ ይወሰዳል። ሜትሬን ከቦርሳው አወጣሁና፣

«ግራህን ስጠኝ» አልኩት።

አልሰጠኝም። እኔም ሜትሩን ዘርግቼ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ፤ መርፌው ተሰክቶበታል። እንዳልነካበት እየተጠነቀቅሁ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ለካሁ።

«ከቀኙ ትንሽ ያንሳል» አልኩት።

«ግራውማ ከድሮም ሰነፍ ነው።»

አዲሱን ቁጥር «ሙሉቀን» ላይ አስገባሁ። ሥዕሉ በሙሉ ሸብሰብ አለ፤ መቆሚያው፣ መከለያው፣ መያዣው ሁሉም በግራ ክንዱ ልክ ተስተካከለ። ጋሼ አንገቱን ቀና አድርጎ ስላየኝ ኮምፒውተሩን አልጋው ጠርዝ ላይ አስጠጋሁለት።

ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ነው። መሐሉ ላይ ፈጪው ይቆማል። በግራው በኩል ዱቄት የሚወርድበት አፍ አለ፤ ፈጪው ከረጢቱን በግራ እጁ ይይዝበታል። በቀኙ በኩል እህሉን የሚለቀውና የሚዘጋው ማንሻ አለ። ማንሻውን ወደ ግራ ልወስደው ብሞክር ሁሉም ደም መሰለ።

«ምነው ቀላ?» አለኝ።

«ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ብዬ አስሬዋለሁ። ከመሐል ወደዚህ አንድ ክንድ፣ ወደዚያም አንድ ክንድ። የሚቆመው ሰው ሁለት እጅ አለው ብዬ ነዋ።»

ጋሼ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። ኮሪደሩ ላይ የሺ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች። እሱ የሰማትም አይመስል።

«እኩል ያልሽውን አንሺው» አለኝ።

«ከተነሳ እኮ ይፈታል ጋሼ። ሰማያዊ ይሆናል።»

«ይፈታ።»

ነካሁት። ማንሻው ሰማያዊ ሆነ። ጋሼ መርፌ የተሰካበትን እጁን ቀስ አድርጎ ዘረጋና «እንዴት ነው የሚጎተተው?» አለኝ። ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አሳየሁት። የመጀመሪያው ሙከራ አመለጠው፣ መስመሩ ማዶ ሄደ። «ኤዲያ!» አለ፤ ያ የሱ የድሮ «ኤዲያ» ነው፣ እህል ሲደፋበት የሚላት። በሁለተኛው ያዘው። ከቀኝ ወደ ግራ ጎትቶ፣ ከዱቄቱ አፍ በላይ አመጣና ተወው።

«እዚህ ላይ እሰሪው። ከረጢቱን ግን እጅ አይያዘው፤ መንጠቆ አድርጊለት፣ በግራም በቀኝም። ከተንጠለጠለ እጄ ለማንሻው ይተርፋል።»

«እጄ» አለ። እኔም ሰማሁ፤ እሱም የሰማ ይመስለኛል። መንጠቆዎቹን ሳልኩ፣ ማንሻውን በግራ ክንዱ ልክ አሰርኩ። ሁሉም ጠቆረ።

«ባለወፍጮው ይቀበላል?» አለኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ቺንጋው ግን ይከለላል?»

«ይከለላል። ላሜራው ከመጣ ማንም አይነካውም።»

ትንፋሹን ለቀቀ። «በይ፣ ያንን ሐኪም ጥሪልኝ። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በይ» አለኝ።

ጋሼ ቄስ ትምህርት ቤት የገባ፣ ፊርማው የሚያምር ሰው ነው። በግራው ሊፈርም እስክሪብቶውን ይዞ ሞከረና ወረቀቱን ቧጠጠው። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ነከሩለት። ጣቱ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። የሺ እልልታም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ በሰላም ወጣ ተባልን። ትንሽ ቆይታ አንዲት ነርስ በነጭ ጨርቅ፣ ከላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። «ቤተሰብ ይረከብ» አለች። ጋሽ አበባው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። የሺ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ተቀበልኩ። በአንድ ትከሻዬ የኮምፒውተሩን ቦርሳ አንጠልጥያለሁ፣ በክንዴ ደግሞ የጋሼን ክንድ አቅፌያለሁ፤ ክንዱ ከኮምፒውተሩ ይከብድ ነበር። ይኼ ክንድ እኔን አዝሎ ይጁቤ ገበያ ወስዶኛል። ያን አወቅሁ እንጂ አልተሰማኝም። ጋሽ አበባው በስተኋላ ተደፋፍረው ከሰዎች ጋር ቁይ ወስደው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። እኔ ወደ ጋሼ አልጋ ተመለስኩ።

ላሜራው መጣ፣ ሠራነው፣ ወስደን ገጠምነው። ባለወፍጮው ሲገጠም ቆሞ አየ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ነጋዴ ነው፣ ፊቱ ላይ «አይ» የሚለው ቃል ተጽፏል። ጋሼ በሸሚዝ ብቻ፣ ያለ ጋቢ፣ መሐሉ ላይ ቆመ። ከረጢቱን በመንጠቆዎቹ አንጠለጠለ፤ ማንሻውን በግራው ሳበ። እህሉ ወረደ፣ ዱቄቱ ወጣ። ቺንጋው መከለያው ውስጥ ይጮኻል እንጂ አይታይም። ባለወፍጮው ዱቄቱን በጣቱ ቆንጥሮ አሸት አሸት አደረገና፣ «ልሟል። በል እንግዲህ፣ ለገበያ ቀን በጠዋት ክፈት» ብሎት ሄደ። ጋሼ ማንሻውን ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሺ እያለቀሰች፣ በያጆቹ እያለቀሱ፣ እኔ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን አያለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምን ተቀየረብሽ ብትሉኝ፣ ጥቁር መስመር አሁንም እወዳለሁ። ግን ግራና ቀኝ እኩል የሚለውን ማሰሪያ እንዲሁ አላስርም። በር የሚያሠራ ሰው ሲመጣ «በየትኛው እጅህ ነው የምትከፍተው? ቤት ውስጥ ጉልበት ያነሰው ማን አለ?» እላለሁ። «ኢንጂነሯ ዘንድሮ ንስሐ አባት ሆነች» ይሉኛል በያጆቹ፤ ይበሉ። ወፍጮ ቤት የምትሠሩም ካላችሁ ብርዱን ቻሉት እንጂ በጋቢ አትግቡ፤ እባካችሁ። ደግሞ በጭንቅ ቀን የማታለቅስ ሴት ብታዩ ድንጋይ ናት አትበሉ። ልቧ የት እንደሄደ እሷም እየፈለገችው ነው።

የኔ የተገኘው ያን ሁሉ ካለፍን በኋላ፣ በአንድ ተራ ቀን ነው። ጋሼ ደወለ። ከኋላው ወፍጮው ይጮኻል።

«ባንቺ፣ ያዢ! ለጎረቤቴ በር ነው። ቁመቱ አራት ክንድ፣ ወርዱ ሁለት ክንድ ከስንዝር።»

«በየትኛው ጋሼ?»

«ምን በየትኛው አለው? በቀኙ ነዋ!»

ከዚያ ወፍጮው ብቻ ይሰማል። ኮምፒውተሬ ላይ የሱ የወፍጮ ሥዕል ተከፍቶ ነበር፤ የቀኙን ልክ አላጠፋሁትም፣ ጥግ ላይ በቅንፍ አስቀምጬዋለሁ። ቁጥሩ አለ፤ ምንም መስመር ግን አያዝም።

«ቆይ... ቆይ እስቲ» አለኝ ጋሼ፣ ቀስ ብሎ። «በዓይኔ ገምቼ ነው ለካ። ሄጄ በግራው ለክቼ ልደውልልሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

ስልኩን ሳስቀምጥ እንባዬ መጣ። መጣ ስላችሁ፣ ያን ጠዋት የቀረው፣ ኮሪደሩ ላይ የቀረው፣ ያን ነገር ተቀብዬ ሳቅፍ የቀረው፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ጮኼ አለቀስኩ። ብየዳው ሁሉ ጸጥ አለ። ጋሽ ደመላሽ በበሩ ብቅ አሉና ምንም ሳይጠይቁኝ በሩን ዘግተውልኝ ሄዱ። ጋሼ እስኪደውል ጊዜ ነበረኝ። ሲደውል ፊቴን ታጥቤ ጨርሼ ነበርና፣ ያለኝን ልክ ተቀብዬ በግራው አስገባሁ።